«ሴፍቲ የለውም» የተባለው ሽጉጥ እና ሌሎች የምላጭ ጥያቄዎች

ስለ ሽጉጥ አመራረጥ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። ደብዳቤው መጣ። የአብዛኞቹ ጭንቀት ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ምላጩ። ለምን አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይቀላል፣ አንዱ መዶሻ አለው፣ አንዱ የለውም? የጻፋችሁልን በሙሉ አሜሪካ ያላችሁ ናችሁ፤ ስለዚህ መልሱም በሕግ ገዝቶ ቤቱ ለሚያስቀምጥ፣ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ሄዶ ለሚለማመድ ሰው ነው። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ስድሳን ተሻግሯል። አገር ቤት ወታደር ነበርኩ፤ ማካሮቭ ታጥቄያለሁ። አሁን የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለቤቴ አንድ ሽጉጥ ልግዛ ብዬ ሱቅ ብገባ ልጁ ግሎክ አወጣልኝ። አገላብጬ አየሁት፤ ሴፍቲ የለውም። «የታል ሴፍቲው?» ስለው ምላጩን አሳየኝ። የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ልዩነቱን በደንብ አስረዱኝ፤ ለእኔስ የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጁ አልቀለደብዎትም። ግን አስረድቶም አልሸኘዎትም።

ከሚያውቁት እንነሳ። ማካሮቭ የሶቪየት ጦር በ1951 የተቀበለው ሽጉጥ ነው። በግራ በኩል ከኋላ ያለችውን ማንሻ ወደ ላይ ሲገፏት ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ሽጉጡን ትቆልፋለች፣ የተወጠረ መዶሻ ካለም ሳይተኩስ ታወርደዋለች። ወደ ታች ሲያወርዷት ሽጉጡ ለመተኮስ ዝግጁ ነው። መዶሻው ግን ወርዷል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥይት ሲተኩሱ ጣትዎ ሁለት ነገር ነው የሚሠራው፤ መዶሻውን ወደ ኋላ ይወጥራል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ለዚህ ነው ምላጩ ረጅም መንገድ የሚሄደው፣ የሚከብደውም። ጥይቱ ሲወጣ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተወርውሮ ሲመለስ መዶሻውን ወጥሮ ይተወዋል። ሁለተኛው ጥይት ታዲያ አጭርና ቀላል ነው። ያስታውሱት ይሆናል፤ ጣት ገና ነካ ሲያደርገው ነው የሚሄደው።

ይኼን ዓይነት ሱቅ ውስጥ «ደብል አክሽን ሲንግል አክሽን» ይሉታል። በሰፊው ያስለመደው ጀርመን የተሠራው ዋልተር ፒፒ ነው፤ 1929 ላይ። የአሜሪካ ጦር በ1985 ኤም9 ብሎ የተቀበለው ቤሬታ 92 የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሲግ ፒ226ም እንደዚያው፤ የቼኮቹ ሲዜድ 75ም እንደዚያው። የመጀመሪያው ስበት በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ፓውንድ ይደርሳል፤ ወደ ኪሎ ስንመልሰው ከአራት ኪሎ ተኩል እስከ አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ወደ 4 ወይም 5 ፓውንድ ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ቤሬታ 92 ላይም እንደ ማካሮቭ የላይኛው ብረት ላይ ማንሻ አለ። አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ማካሮቭ ወደ ታች ሲሉት ይተኩሳል፤ ቤሬታ ወደ ታች ሲሉት ይቆለፋል። ለዓመታት አውራ ጣትዎ አንድ አቅጣጫ ለምዶ፣ ሌሊት ተደናግጠው ሲነሱ ሽጉጡን ራስዎ ቆልፈው ምላጭ ሲጎትቱ ማደር ማለት ነው። ይኼን ሻጩ አይነግርዎትም፤ ከየት አምጥቶ ያውቀዋል?

ሁለተኛው ቤተሰብ ሲንግል አክሽን ብቻ የሆነው ነው። ጆን ብራውኒንግ የሠራው፣ የአሜሪካ ጦር ከ1911 እስከ 1985 ድረስ የታጠቀው 1911 የዚህ አባት ነው። አገር ቤት የሚታወቀው የሩሲያው ቶካሬቭም በምላጩ እዚሁ ይመደባል። ምላጩ መዶሻውን መልቀቅ ብቻ ነው ሥራው፤ መወጠር አይችልም። ስለዚህ መዶሻው አስቀድሞ በእጅ ወይም በላይኛው ብረት መወጠር አለበት። ስበቱ አጭር፣ ንጹሕ፣ ከሁሉም ደስ የሚል ነው። ግን 1911ን አቀባብለው ሲያስቀምጡ መዶሻው ወደ ኋላ ተወጥሮ፣ ሴፍቲው ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። እጀታው ጀርባ ላይም በመዳፍ ካልተጨመቀ የማይለቅ ሌላ መቆለፊያ አለው። አሠራሩ አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ሴፍቲውን ማውረድና መመለስ እንደ መተንፈስ የሆነለትን ሰው ይፈልጋል። ቶካሬቭ ደግሞ ሲሠራ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ አልነበረውም፤ መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ብቻ ነው። እና «ሴፍቲ የሌለው ሽጉጥ» የሚባለው ነገር ግሎክ ያመጣው አዲስ ጉድ አይደለም።

አሁን ወደ ግሎክ። የኦስትሪያ ጦር በ1982 የመረጠው ነው። መዶሻ የለውም። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ራሱ ከውስጥ በጠምዛዛ ሽቦ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፣ ስትራይከር ይሉታል። ሲያቀባብሉት መርፌው በከፊል ብቻ ይወጠራል። የቀረውን ጣትዎ ይጨርሰዋል። ልጁ ምላጩን ያሳየዎት ለምን መሰለዎት? ምላጩ መሐል ላይ ቀጭን ምላስ የመሰለች ነገር አለች። ጣት በትክክል ካልተጫናት ምላጩ ወደ ኋላ አይሄድም። ከዚያ ሌላ ከውስጥ ሁለት መቆለፊያ አለ፤ አንዱ የመርፌውን መንገድ የሚዘጋ፣ ሌላው ሽጉጡ ቢወድቅ መርፌውን የሚይዝ። ሦስቱም ምላጭ ሲጎተት ተራ በተራ ይለቃሉ፣ ሲለቀቅ መልሰው ይይዛሉ።

እና ሴፍቲ አለው ወይስ የለውም? ከመውደቅ፣ ከመመታት፣ ከመንገጫገጭ የሚጠብቅ አለው። ከጣት የሚጠብቅ የለውም። ከልጅ ጣት፣ ከጃኬት ገመድ፣ ከኪስ ውስጥ ቁልፍ የሚጠብቅ የለውም። በቃ፣ ነገሩ ይኼው ነው። ለዚህ ነው ግሎክ እንደ አገር ቤት ልማድ ወገብ ላይ ራቁቱን የማይሻጠው። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር የግድ ነው፤ ለስላሳ ጨርቅ አይደለም፣ ጠንካራ። ቤት ውስጥ ከሆነም በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ሳጥን።

ጥቅሙስ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥይት ምላጩ ያው ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው ክብደት ወደ 5.5 ፓውንድ ነው፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው። የሚያነሱት የሚያወርዱት ነገር የለም። ፖሊሶች ወደዚህ የጎረፉት ለምን ሆነና።

አራተኛም አለ፣ ደብል አክሽን ብቻ የሆነ፤ ሁሉም ጥይት ረጅምና ከባድ። እንደ ሪቮልቨር ማለት ነው። ኪስ ውስጥ ለሚገቡ ትናንሽ ሽጉጦች አይከፋም፤ ለእርስዎ ግን አያስፈልግዎትም።

ለእርስዎ የምለው ይኼን ነው። ሬንጅ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ የሚሉ ከሆነ እጅዎ የሚያውቀውን ይግዙ። ሲግ ፒ226 ወይም አነስ ያለው ፒ229 መዶሻውን የሚያወርድ ማንሻ አለው፤ ሴፍቲ የለውም፤ ማንሻውን ተጭነው ሲለቁት ያልቃል፤ የመጀመሪያው ስበት ከባድ መሆኑ ራሱ ነው ጥበቃው። ሲዜድ 75 ካማረዎት «ቢዲ» የሚል ምልክት ያለውን ይጠይቁ። የመጀመሪያው ሲዜድ 75 መዶሻ ማውረጃ የለውም። ጥይት ጎርሶ እያለ መዶሻውን ለማውረድ በአውራ ጣት ይዘው ምላጩን መጎተት አለብዎት፤ ጣት ካንሸራተተ ባረቀ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ምን አገባዎት።

ሬንጅ የመሄድ ነገር ከሌለ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሁለት ዓይነት ምላጭ ያለው ሽጉጥ ለማይለማመድ ሰው አይሆንም። ያን ጊዜ ስትራይከር ይሻላል። ሴፍቲ ካልነካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ካሉም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ በአውራ ጣት ከሚነካ ሴፍቲ ጋር ይገኛል። ማንሻው ያለው እጀታው አካል ላይ ነው፣ ግን ወደ ታች ሲሉት ነው የሚተኩሰው። እንደ ማካሮቭዎ።

አንድ የቀረ አለ። ግሎክን ለመጥረግ ሲፈቱት ምላጩን መጎተት ግዴታ ነው። ካዝናውን ያውጡ፣ የላይኛውን ብረት ስበው ውስጡን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፣ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ካዝናው ሳይወጣ መጀመሪያ ቢያቀባብሉ የወጣውን ጥይት ሌላ ይተካዋል፤ «ባዶ ነው» ብለው ምላጩን ሲጎትቱ ግድግዳ ይበሳሉ። ኤም ኤንድ ፒ ምላጭ ሳይጎተት የሚፈታበት መንገድ አለው፤ ፒ320ም አያስጎትትም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ቤሬታ 92 አለው፤ አብረን ሬንጅ እንሄዳለን። የመጀመሪያው ጥይቴ ሁልጊዜ ዒላማው ሥር ነው የሚገባው። ሁለተኛው ደግሞ ሳላስበው ይተኮሳል። እሱ «ፈርተሽ ነው» ይለኛል። እጄ ትንሽ ነው። የራሴን ልግዛ? ምን ዓይነት?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃት አይደለም። ባልሽ ይቅርታ ይጠይቅሽ።

ቤሬታ 92 እጀታው ወፍራም ነው፤ ሁለት መስመር ጥይት ነው የሚይዘው። መዶሻው ወርዶ ሳለ ምላጩ ወደ ፊት ርቆ ነው የሚቆመው። ትንሽ እጅ ያለው ሰው እዚያ ለመድረስ ወይ በጣቱ ጫፍ ብቻ ይነካዋል፣ ወይ እጁን እጀታው ላይ አዙሮ ይይዛል። ሁለቱም ጥሩ አይደለም። በጫፍ ጣት አምስት ኪሎ ሲጎተት ሌሎቹ ጣቶች አብረው ይጨብጣሉ፤ አፈሙዙ ወደ ታች ይደፋል። ቀኝ እጅሽ ከሆነ ወደ ታችና ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ ካርቶኑን እይው፣ ቀዳዳዎቹ እዚያ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ጥይት ሳታስቢው የሚሄደው ደግሞ ጣትሽ የመጀመሪያውን ጉልበት ይዞ ስለሚቀጥል ነው። አምስት ኪሎ ለመሳብ የተዘጋጀ ጣት ሁለት ኪሎ ሲያገኝ ምን ያድርግ? ይኼ የአንቺ ችግር ብቻ አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ጠባይ ነው። በልምምድ ይጠፋል፣ ግን ልምምዱ ለመጀመሪያው ጥይት መሆን አለበት። ሰዎች ሬንጅ ላይ አንድ ጊዜ ከባዱን ተኩሰው የቀረውን ካዝና በሙሉ በቀላሉ ይጨርሱትና «ለመድኩ» ይላሉ። አልለመዱም። አንድ ተኩሶ መዶሻውን አውርዶ፣ እንደገና አንድ ተኩሶ አውርዶ ነው የሚለመደው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ወደ አመራረጡ። በወረቀት ላይ የተጻፈውን የምላጭ ክብደት ብቻ አትዪ፤ ከሽጉጡ ክብደት ጋር አስተያዪው። ግሎክ 19 ባዶውን ስድስት መቶ ግራም ገደማ ነው። ምላጩ ሁለት ኪሎ ተኩል። ጣትሽ የሽጉጡን ክብደት አራት እጥፍ ነው የምትስበው ማለት ነው፤ ታዲያ በድንገት ከጎተትሽው ሽጉጡ ሳይነቃነቅ ይቀራል? የሙሉ ብረቱ 1911 ከአንድ ኪሎ በላይ ነው፣ ምላጩ ከሁለት ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ሰዎች «በ1911 ስተኩስ አልስትም» የሚሉት ግማሹ ምክንያት ይኼ ነው። ኪስ ውስጥ የምትገባዋ ሩገር ኤልሲፒ ሦስት መቶ ግራም እንኳ አትሞላም፣ ምላጯ ረጅም ነው። «ለሴት ትንሽ ሽጉጥ» እያሉ እሷን የሚያስታቅፉ ሻጮች አሉ። እንዳትሰሚያቸው። ትንሽ ሽጉጥ ለመተኮስ ከባዱ ሽጉጥ ነው፤ ይዘልልሻል፣ መዳፍሽን ይመታሻል።

ለአንቺ የእጀታው ጀርባ የሚቀያየርለት ስትራይከር ይሻላል። ኤም ኤንድ ፒ፣ ዋልተር፣ አዳዲሶቹ ግሎኮች በተለያየ ውፍረት የሚቀየር ጀርባ ይዘው ይመጣሉ። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ሞክሪው፦ ሻጩ ባዶ መሆኑን ያሳይሽ፣ አንቺም እይው። በደንብ ጨብጪ፤ ሽጉጡ ከክንድሽ ጋር ቀጥ ይበል። አሁን አመልካች ጣትሽን ምላጩ ላይ አድርጊ። የመጀመሪያው አንጓ መሐሉ ያለ ጭንቅ ምላጩ ላይ ካረፈ ልክሽ ነው። ለመድረስ እጅሽን ማዞር ካስፈለገሽ መልሺው፤ ዋጋው ቢያምርም መልሺው።

ከዚያ ሻጩን አስፈቅደሽ ወደሚያሳይሽ አቅጣጫ ባዶውን ጎትቺው። መጀመሪያ ልል የሆነ መንገድ አለ፣ ምንም የማይዝ። ቀጥሎ ጣትሽን የሚያቆም ቦታ ይመጣል። ከዚያ ይለቃል። የሚያቆመው ቦታ በግልጽ ካልታወቀሽ፣ ማለትም እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ ሄዶ የት ጋ እንደለቀቀ ካላወቅሽው፣ ቀላል ቢሆንም ጥሩ ምላጭ አይደለም። ሌላም አለ፤ ከተኮሰ በኋላ ጣትሽን ቀስ ብለሽ ስትለቂ «ቀጭ» የሚል ቦታ ይሰማሻል። እዚያ ጋ ነው ለሚቀጥለው ጥይት የሚይዘው። አጭር ከሆነ ደስ ይላል። ግን ቪዲዮ የሚሠሩት ልጆች እንደሚያጋንኑት የሕይወትና የሞት ጉዳይ አይደለም።

አንዳንድ እህቶች «ምላጩ ሳይሆን የላይኛውን ብረት መሳብ ነው ያቃተኝ» ብለው ጽፈዋል። አንቺንም ከሆነ የሚያስቸግርሽ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ሺልድ ኢዚ» የሚባል አለው፤ በውስጡ የተሸፈነ መዶሻ ስላለው ሽቦው ለስላሳ ነው፣ እጀታው ጀርባ ላይም የሚጨመቅ መቆለፊያ አለው። ምላጩ ቀላል ነው። ያረጁ እናቶች ሲስቡት አይቻለሁ።

አንቺ ሜሪላንድ ስለሆንሽ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ኤችኪውኤል የሚባለውን የሽጉጥ መግዣ ፈቃድ ማውጣት አለብሽ፤ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ የመጣ ሕግ ነው። የጣት አሻራ ይጠየቃል፣ የአራት ሰዓት ሥልጠና አለ። ሥልጠናው ላይ የተለያየ ሽጉጥ ካለ እየለዋወጥሽ ሞክሪ። ሬንጆች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሳትተኩሺው አትግዢ።

ጥያቄ፦ ብሮ፣ ዳላስ ነኝ። ግሎክ 19 አለኝ፣ ምላጩ አልተመቸኝም፣ ስፖንጅ ነገር ነው። ኦንላይን ሁለት ፓውንድ ተኩል የሚያደርገውን ኪት አይቻለሁ፣ ራሴ በዩቲዩብ እያየሁ ልቀይረው ነው። በመኪናም ይዤው ነው የምሄደው። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ተው በለው።

ለውድድር ብቻ የሚሆን ሽጉጥ ቢሆን ዝም እልህ ነበር። አንተ ግን በየቀኑ ይዘኸው የምትወጣው ነው። ግሎክ ላይ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ የለም፤ የመጨረሻው አጥር የምላጩ ክብደትና የሚሄደው መንገድ ነው። አንተ ደግሞ በገዛ እጅህ አጥሩን ልታፈርሰው ነው። ከዚያ ላይ ሽቦ ሲቀየር የመርፌው አመታት ይደክምና ጥይት ሳይነሳ ሊቀር ይችላል፤ ሌላም ሌላም ጣጣ አለው። ፍርድ ቤት ቀርበህ ደግሞ ዓቃቤ ሕግ «ፋብሪካው ያደረገውን ለምን አቀለለው?» ቢል መልስህ ምንድን ነው? «ስፖንጅ ነገር ሆነብኝ»?

በሌላ በኩል፣ ክብደት ስለጨመርክም ደኅና አትሆንም። የኒው ዮርክ ፖሊስ በድንገት እንዳይባርቅ ብሎ ለዓመታት የፖሊሶቹን ግሎክ በ12 ፓውንድ ምላጭ ነበር የሚያስታጥቀው፤ ከፋብሪካው እጥፍ በላይ። ነሐሴ 2012 ላይ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ፊት ለፊት ሁለት ፖሊሶች አንድ ታጣቂ ላይ 16 ጥይት ተኩሰው ዘጠኝ መንገደኛ ቆሰለ፤ የቆሰሉት በፖሊሶቹ ጥይትና በፍንጣሪው ነበር። ጥፋቱ የምላጩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጭንቀቱ አለ፣ ሕዝቡ አለ፣ ሥልጠናው አለ። ግን አምስት ኪሎ ተኩል የሚስብ ጣት በዚያ ሰዓት አፈሙዙን ቀጥ አድርጎ ይይዛል ብሎ መጠበቅ ትንሽ ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ስለ ከባዱ ምላጭ ብዙ ተከራክረዋል።

አንተን የሚረዳህ ይኼ ነው። ሽጉጡን ባዶ አድርግ፤ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጠው፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ሌላ ክፍል። የፊተኛው ዓይነ ዒላማ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጥ። ጥይት ሊያቆም ወደሚችል ግድግዳ አነጣጥረህ ምላጩን ጎትት። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ከጎተትክ ጣትህ ሥራውን ያውቃል። ከወደቀ ኪት ብትገዛም ይወድቃል። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ አድርገው። የሚገርመው፣ ያ ስፖንጅ ያልከው ነገር ጣት ሲለምደው ይረሳል።

ያም ሆኖ ካልተመቸህ ሽጠውና ምላጩ ከፋብሪካው ጥሩ የሆነውን ግዛ። ዋልተር ፒዲፒን ተኩሰህ እየው። እኔ በግሌ ከስትራይከሮቹ ውስጥ ምላጭ በዋልተር አምሯል ባይ ነኝ፤ ግሎክ ወዳጆች አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሲግ ፒ320 በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ጓደኞቼ «ሳይነኩት ይተኩሳል» እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነት ነው? ጦሩ ራሱ ይዞት የለም እንዴ?

መልስ፦ ሁለቱም ወሬ እውነት ያለበት ነው። የአሜሪካ ጦር በጥር 2017 የዚህን ሽጉጥ ዓይነት ኤም17 ብሎ መርጦታል። የጦሩ ግን በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ አለው፤ ሱቅ ያለው አብዛኛው የለውም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለሕዝብ የተሸጠው በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀና ኩባንያው በነጻ እናሻሽልላችሁ አለ። ምላጩንና ውስጡ ያሉ ክፍሎችን አቀለሉት፣ ከምላጩ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያቋርጥ አንድ ክፍልም ጨመሩ። ከዚያ በኋላም «ሳልነካው ተኮሰብኝ» የሚሉ ሰዎች ከስሰዋል፤ በ2024 ጆርጂያና ፊላደልፊያ ላይ ዳኝነት የተቀመጡ ዜጎች ለከሳሾች ፈርደዋል። ኩባንያው ምላጭ ሳይጎተት አይተኩስም ብሎ አጥብቆ ይከራከራል።

ከምላጩ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? ግሎክ ላይ መርፌው በከፊል ነው የሚወጠረው ብለናል። ፒ320 ላይ ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ ነው የሚቀመጠው። ምላጩ መልቀቅ ብቻ ነው ሥራው። አጭርና ጥርት ያለ የሚሆነውም ለዚያ ነው። ምላጩ ላይም እንደ ግሎክ ያለች ምላስ በአብዛኛው የለም። ይኼ ብቻውን ሽጉጡን መጥፎ አያደርገውም፤ ሙሉ በሙሉ የሚወጠሩ ሌሎች ስትራይከሮችም አሉ፣ ሄክለር ኤንድ ኮኽ ቪፒ9 ለምሳሌ።

የምትገዛው ያገለገለ ከሆነ የመለያ ቁጥሩን ይዘህ ማሻሻያው እንደተደረገለት አጣራ። ካልተደረገለት አትንካው። ተደርጎለትም ልብህ ካልረጋ፣ ዋጋ ብሎ ነገር ምንድን ነው? በዚያ ገንዘብ ሌላ ሞልቷል። በልብህ እየተጠራጠርክ ወገብህ ላይ የምታስረው ዕቃ አይደለም።

ጥያቄ፦ የተማሪ ቪዛ ላይ ነኝ፤ ግሪን ካርድ ያለው የአጎቴ ልጅ በስሙ ቢገዛልኝ ችግር አለው? ወደ አገር ቤት ስመለስስ ይዤው መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ኧረ ሁለቱንም ተው። በፌዴራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ግሪን ካርድ ያለው ለራሱ መግዛት ይችላል፤ ለሌላ ሰው ብሎ በስሙ መግዛት ግን ወንጀል ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሞላው 4473 የሚባለው ቅጽ «ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ?» ብሎ በቀጥታ ይጠይቀዋል። የአጎትህን ልጅ ግሪን ካርድ ልታስበላው ነው። አገር ቤትም ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይኼኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተከለከለ ነው። ሬንጅ ላይ ሄዶ መለማመድ ያማረህ ከሆነም ቪዛህን ይዘህ አስቀድመህ ጠበቃ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ባዶ ሽጉጥ ምላጭ መጎተት መርፌውን ይሰብራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እስካሁን ስማቸውን ያነሳናቸው የዘመኑ 9 ሚሊ ሽጉጦች በአብዛኛው ምንም አይሆኑም፤ ብዙ የምትለማመዱ ከሆነ የፕላስቲክ የልምምድ ጥይት ግዙና አጉርሱት፣ ርካሽ ነው። ቶካሬቭና ማካሮቭ ዓይነት ያረጁትን ባዶውን ባታመላልሷቸው ይሻላል። .22 የምትተኩሰዋን ትንሿን ግን ባዶዋን አትጎትቱ። እሷ ጥይቱን የምትመታው ከንፈሩ ላይ ነው፤ ጥይት ከሌለ መርፌዋ የጥይት ቤቱን ጠርዝ ብረት ለብረት ይመታና ወይ እሱ ይጎደጉዳል፣ ወይ መርፌዋ ትደንዛለች።